ወሬ የለም ያለው ሬዲዮ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ሸምሱ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለፈው ስንደዋወል ሲያስልህ ነበር፤ ሳሉ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም በሻይ ብቻ እያባበልከው ነው? ሱቅህ እንዴት ነው? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ሁሉም ሰላም ናቸው? እዚያ በጋውና ክረምቱ ከእኛ ጋር የተገላበጠ ነው ካልከኝ ወዲህ፣ እኛ በኅዳር ብርድ ስንንቀጠቀጥ አንተ በካናቴራ ስትንጎራደድ ይታየኝና እቀናብሃለሁ።

እኛ አልሃምዱሊላህ ሁላችንም አለን። ካንተ በቀር የጎደለን የለም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደብዳቤ ላይ አይዋሽም፣ ዘይቱም ጎድሎናል፣ ውሃውም በሳምንት ሁለቴ መምጣቱን ትቷል። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ደግሞ ዘንድሮ የሱቁን ቆርቆሮ ሊነቅለው ምንም አልቀረውም። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አላመማትም።

ይህን ሁሉ በቴሌግራም ብትልኪው ምን ነበረበት ትል ይሆናል። በድምፅ ልልክልህ ጀምሬ ነበር። አንተ ግን ደንበኛ ፊት ትከፍተውና እኔን መሳቂያ ታደርገኛለህ ብዬ ተውኩት። ደግሞም አባባ ራሳቸው በጽሑፍ ይሁን አሉ። ጎረቤታችን ረይሃና ማክሰኞ ወደ ባሏ ዘንድ ወደ ጆሃንስበርግ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ሱቅህን ከዘጋህ በኋላ ቁጭ ብለህ አንብበው። ክፉ ነገር የለበትም፣ አትደንግጥ።

ነገሩ የአባባና የሬዲዮው ነው። አባባ "ወላሂ ቢደውል ስልኩን አላነሳለትም" ብለው እንደማሉብህ ታውቃለህ። ሱቁን ሊያስረክቡህ ሲያዘጋጁህ፣ አንተ ሳትነግራቸው በሞያሌ በኩል ወጣህ፤ ከዚያም ስንት ጊዜ ወሬህ ጠፍቶ ከረመ። የሚገርመኝ፣ የማሉት በጠፋህ ጊዜ አይደለም፤ ደህና መድረስህን በሰሙ ዕለት ነው። ያስማላቸው ንዴቱ ይሁን ደስታው ዛሬም ለይቼ አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ ጮኾ የደወልከው አንተ መሆንህን ሲያውቁ ጫማቸውን ፈልገው ወደ ውጭ ይወጣሉ።

አንተም ታዲያ ቀላል ሰው አይደለህም። በስልክ ሲዘጋብህ በደጋ ኤፍ ኤም ዞረህ መጣህ። ቅዳሜ ከሰዓት በሚተላለፈው የዘፈን ግብዣ ላይ አቅራቢዋ አስቻለች በዚያ በረጋ ድምጿ፣ "ከደቡብ አፍሪካ ሸምሰዲን ሸፊ፣ ሸጎሌ የከብት ገበያ አጠገብ ገመድ ለሚሸጡት ለአባቱ ለአቶ ሸፊ ይህን ዘፈን ጋብዙልኝ ይላል" ስትል፣ የበሬ ደላላው ሁሉ ወደ ሱቃችን ዞሮ ይስቅ ነበር። አባባ ይሰሙኛል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ቅዳሜ ሰዓቱ ሲደርስ "ዜና ሊጀምር ነው" ብለው ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፤ በዚያ ሰዓት ግን ምንም ዜና የለም። ስምህ ሲጠራ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ልባብና ገመድ ይነካካሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ "ይሄ ሬዲዮ ባትሪ ይበላል" ብለው ይዘጉታል። እኔና እማዬም ትንፍሽ አንልም። ዛሬ መልሱን በእርግጠኝነት እጽፍልሃለሁ፤ ይሰሙህ ነበር፣ አንዱም አላመለጣቸውም።

እንግዲህ በመስከረም ደጋ ኤፍ ኤም ድንገት ሌላ ሆነ። የድሮው ዘፈን፣ ግብዣው፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያው፣ የከሰዓቱ ትረካ፣ ሁሉም ቀረ። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ አዳዲስ ዘፈን ብቻ ነው፤ በየመሃሉ አንድ ጎረምሳ "ደጋ ኤፍ ኤም! ወሬ የለም! ሙዚቃ ብቻ!" እያለ ይጮኻል። ልጄ ሀያም ወዳዋለች፤ የቤት ሥራዋን ትከሻዋን እየሰበቀች ነው የምትሠራው። እውነቱን ልንገርህና እኔም አልጠላሁትም፣ ገመድ ስጠቀልል እጄ ይፈጥናል። ያንተ ግብዣ አብሮ መቅረቱን ግን ልብ አላልኩም። አንተም አላወቅህም፣ ብታውቅማ ትነግረኝ ነበር።

አባባ ደግሞ ጣቢያው መቀየሩን ሲያስታውቅ በሰነበተበት ሰሞን እዚህ አልነበሩም፣ ለለቅሶ ስልጤ ወርደው ነበር። ተመልሰው ቅዳሜ ሬዲዮውን ሲከፍቱ ያ ጭፈራ ተቀበላቸው። ዝም ብለው ጠበቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጠበቁ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሬዲዮው ቀሰሩ፤ አንዴ መቱት፣ አንዴ አንቴናው ላይ ሽቦ ቀጠሉበት፣ በመጨረሻም ሬዲዮ ጠጋኙ አቢ ዘንድ ወሰዱት። አቢ ከፍቶ አየና "አባባ ሸፊ፣ ሬዲዮው ከእኔ ይሻላል፣ ምንም አልሆነም" ብሎ መለሰላቸው። እሳቸው ግን አቢ ሥራ ጠልቶ ነው አሉ።

ከዚያ ምግብ መተው ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ጎርሰው "በቃኝ" ይላሉ። ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ወዲያው ሱቅ መክፈት ትተው በሩ ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን እማዬን ዞር ብለው "እዚያ ደቡብ አፍሪካ የሚባለው አገር ሰላም ነው ይላሉ?" አሏት። ሰላም ነው አለቻቸው። "ሱቅ ይዘረፋል የሚባለውስ?" አሉ። እማዬ ሮጣ እኔ ጋ መጣችና "ሰውየው ሆዳቸው ውስጥ የገባ ነገር አለ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ደም ግፊት ነው ብዬ ክሊኒክ ካልወሰድኩዎት እያልኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ። በቀጥታ "ልጁ እንዴት ነው?" ብለው ቢጠይቁን በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን ያን ከጠየቁ ግብዣህን ሲሰሙ መኖራቸው ሊታወቅባቸው ነው። የአባትህን እልክ ታውቀው የለ!

አንድ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ያ ጎረምሳ እንደ ልማዱ ሲጮኽ፣ አባባ ቀና ብለው "ይሄ ልጅ ጠዋት ማታ ወሬ የለም፣ ወሬ የለም ይላል። የማን ወሬ ነው የሌለው?" አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። "ወግ አናበዛም፣ ዘፈን ብቻ ነው የምናሰማው ለማለት ነው እኮ" አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ወሬ የለም የሚባለው የሰው ወሬ ሲጠፋ ነው። አፍ እንዲህ በክፉ አይከፈትም" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሸምሱ፣ ያኔ እንኳ አልገባኝም። የሌላውን ሰው ነገር ቶሎ እረዳለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ የገዛ አባቴ ከፊቴ ሲያልቁ አላየሁም።

በማግሥቱ ቅዳሜ አባባ ጠፉ። ሬዲዮውም የለም። ታክሲ ተራ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ረዳት "አባት ሬዲዮ በጋቢ ጠቅልለው ወደ አዲሱ ገበያ ሄደዋል" አለኝ። የደጋ ኤፍ ኤም ቢሮ ያለው እዚያ ነው። ሱቁን ለእማዬ ትቼ ተከተልኳቸው።

ስደርስ በእንግዳ መቀበያው ውስጥ ቀይ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸው እንደተስተካከለ ነው፣ ሬዲዮው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዘበኛው የሽልማት ዕጣ የደረሳቸው መስሎት ነው ያስገባቸው። ከፊታቸው በርጩማ ላይ ዘርዓብሩክ የሚባል ወጣት ተቀምጧል፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። አትጥላው፤ እኔም ልጠላው ሄጄ አልቻልኩም። ውሃ በራሱ እጅ አምጥቶላቸዋል። ማስታወቂያ እንደጠፋ፣ የሠራተኛ ደመወዝ መክፈል እንዳቃታቸው፣ ከመዘጋት መቀየሩን እንደመረጡ በትዕግሥት ያስረዳቸዋል። "አባት፣ አስጠንተን ነው የቀየርነው። ወጣቱ ወሬ አይፈልግም" አላቸው። አባባም "ወጣት የአባቱን ወሬ አይፈልግም? አባትስ የልጁን?" አሉት። 

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ አባባ አላዩኝም። የነገሩትን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ እስክሞት ከጆሮዬ አይወጣም። "እኔ ዘፈን ፍለጋ አልመጣሁም ልጄ። ሸምሰዲን የሚባል ልጅ አለኝ፤ በየቅዳሜው ከደቡብ አፍሪካ በእናንተ በኩል ስሜን ያነሳ ነበር። ለቅሶ ሄጄ ስመለስ ጠፋ። እናንተ ደግሞ ወሬ የለም፣ ወሬ የለም ትላላችሁ። የእኔ ልጅ ከሆነ፣ ሞቶም እንደሆነ፣ እናቱና እህቱ ሳይሰሙ ለእኔ ንገሩኝ። መጀመሪያ እኔ ልሸከመው።"

እኔ ወደ ደረጃው ወጥቼ አለቀስኩ። ሸምሱ፣ በዚያች ሰዓት ነው የደወልኩልህ፤ "በሕይወት አለህ?" ብዬ ስጮኽብህ አንተ "ምን ሆነሻል፣ ደንበኛ ይዣለሁ" ብለህ የዘጋህብኝ። ላኮርፍህ ይገባኝ ነበር፤ ግን ድምፅህን ስሰማ ከኩርፊያው ደስታው በለጠብኝ።

ተመልሼ ስገባ ዘርዓብሩክ አስቻለችን ጠርቷታል። አላባረሯትም፣ አሁን ማስታወቂያ ታነባለች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከድምጿ ይልቅ አጠር ያለች ሴት ናት። ገና ከበሩ "ማን ነው የፈለገኝ?" ስትል አባባ ማንም ሳያስተዋውቃቸው ብድግ አሉ። "ይቺ ናት" አሉ። እሷም ስማቸውን ስትሰማ ሁለት እጃቸውን ያዘችና "የገመዱ አባት! የሸምሰዲን አባት!" አለች። የፕሮግራሙ ስልክ እስካሁን በእሷ እጅ ነው። ግብዣው እንደቀረ ያልሰማ ሰው ዛሬም ይልካል፤ ማጥፋቱ አላስችል ብሏት ይዛው ትዞራለች። ያንተንም አውጥታ ልክ ሬዲዮ ላይ እንደምታነበው አነበበችላቸው፤ "ከደቡብ አፍሪካ ሸምሰዲን ሸፊ። ለአባቴ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። እንደ ወትሮው ጋብዙልኝ።"

አባባ "መቼ የተላከ ነው?" አሉ። "ዛሬ ጠዋት" አለቻቸው። "ዛሬ ጠዋት?" ብለው ደገሙላት። ከዚያ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት።  ዘርዓብሩክ እንኳ ተነስቶ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ጀመር። በኋላ አስቻለች ዘፈኑን ከስልኳ ልታሰማቸው ብላ "አባቴ፣ አሁን ልጋብዝዎት?" ስትላቸው፣ አባባ ፊታቸውን ሳይገልጡ "አይ፣ ተባረኪ፣ ምሳ በልቻለሁ" አሏት። ስንት ሳምንት ሙሉ በቅጡ ያልበሉ ሰው! እኔም እሷም በአንዴ ሳቅም ልቅሶም መጣብን። አባባ የዚያን ጊዜ ነው ያዩኝ።

በታክሲ ስንመለስ፣ ሸጎሌ ልንደርስ ስንል "ሰማሽ?" አሉኝ። ሰማሁ አልኳቸው። "እናትሽ እንዳትሰማ" አሉ። እማዬ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ከነዝርዝሩ ሰምታዋለች፤ ከእኔ አይደለም፣ ከታክሲው ረዳት ነው።

ማታውን እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አንድ ዘዴ አቀረብኩ። "አባባ፣ እርስዎ የማሉት ስልኩን አላነሳም ብለው ነው። እኔ ላንሳውና ጆሮዎ ላይ ልያዝልዎት፤ መሐላዎም አይፈርስ" አልኳቸው። እንዴት እንደተቆጡኝ! "አላህን እንደ በሬ ደላላ ልታታልይልኝ ነው?" አሉኝ። በማግሥቱ መስጊድ ሄደው ሸሁን አማከሩ። ሸሁም የልጅን ድምፅ ላለመስማት የተማለ መሐላ ይፈርሳል እንጂ አይጠበቅም፤ እርስዎ የሚበጀውን ያድርጉ፣ ለመሐላው ማካካሻ በሚሆን ከፋራ አሥር ሚስኪን ያብሉ አሏቸው። እማዬ ይህን ስትሰማ "አሥር ብቻ? እኔ ሸጎሌን በሙሉ አበላለሁ" ብላ መቀነቷን አጠበቀች።

ትናንት ሱቁን ዘግተን አበላን። የተጠሩት አሥር ናቸው፣ የበሉት ግን ስንት እንደሆኑ አላህ ይወቀው። ከብት ገበያው ላይ ጭነት የሚያወርዱት፣ ከብት ነጂዎቹ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ሁሉም መጡ። ሩዝ በሥጋ ነበር። አባባ ለአፍታ እንኳ አልተቀመጡም፣ እጅ ሲያስታጥቡና ሥጋ ሲጨምሩ ዋሉ። አንዲት የእንጨት ተሸካሚ አሮጊት ከበሉ በኋላ ሊያጽናኑ ፈልገው "ነፍስ ይማር፣ የሞተብዎ ማን ነበር?" አሏቸው። አባባ ጭልፋውን እንደያዙ ቀጥ አሉና "የሞተ የለም እናቴ፣ ይሄ የሕያው ነው" አሏቸው። አላህ ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው። ሬዲዮው ባይቀየር ኖሮ እናንተ ሁለታችሁ እስከ ዕድሜ ልካችሁ በዘፈን ስትላላኩ ትኖሩ ነበር።

የዘፈኑ ግብዣ አይመለስም፣ ዘርዓብሩክም ተስፋ አልሰጠንም። ስለዚህ ከእንግዲህ ለጣቢያው አትላክ። በሚመጣው ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአንተ ስምንት ሰዓት፣ በእኔ ስልክ በኢሞ ደውል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚያነሱት። ከዚያ በፊት ደውለህ እንዳታበላሽብኝ፤ ቀኑን የቆረጡት እሳቸው ናቸው፣ ለጁምዓ ብለው ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ ሁሉ ነው። በስልክ መልክ ይታያል ብላ ሀያም ነግራቸዋለች።

አንድ አደራ አለብህ። አባባ የሚያውቁት ያንን የቁልፍ ስልካቸውን ነው፤ የእኔን ተች ስልክ ማንሳት አያውቁበትም። አላነሳም ብለው የማሉት፣ እንዴት እንደሚነሳ እንኳ ሳያውቁ ነው ለካ! ሀያም ከእማዬ ስልክ እየደወለች ስታለማምዳቸው ሰንብታለች። ጣታቸው ገመድ ሲጎትት የኖረ ነው፣ መስታወቱ ቶሎ አይሰማላቸውም፤ አረንጓዴውን እገፋለሁ ብለው ቀዩን ይነኩታል። ስለዚህ ቢቋረጥብህ ተቆጥተው ዘጉብኝ እንዳትል። ሆድህ እንዳይባባ፣ እንደ እነዚያ ዓመታት እንዳይመስልህ። ደግመህ ደውል። አሁንም ቢቋረጥ አሁንም ደውል።

በል እንግዲህ፣ ወረቀቱም አለቀ። እማዬ ግንባርህን ትስማለች፤ ለሳሉ የላከችልህን ማር ረይሃና እንዳትበላብህ ተጠንቀቅ ብላሃለች። ባለቤቴ አሽረፍ እጅህን ይጨብጣል፣ ቡድንህ ዘንድሮም ይሸነፋል ይልሃል። ሀያም አጎቴ ለእኔ አዲሱን ዘፈን ይጋብዘኝ ትላለች፤ አትስማት። አቢ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ስሜን ያጠፋው ያንተ ጦስ ነው ብሎሃል። አስቻለችም በልዩ ሁኔታ ሰላም በይልኝ ብላኛለች፣ የገመዱ አባት እያለች በየቀኑ ትደውላለች። አብረውህ ያሉትን ልጆች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በልልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከእርስዎ ምን ብዬ ሰላምታ ልጻፍ ብላቸው "ምንም አትጻፊ። የእኔን ራሴ አደርስለታለሁ" አሉኝ። ስለዚህ ከአባባ ሰላምታ አልጻፍኩልህም።

የምትወድህ እህትህ
ሙኒያ ሸፊ

ሸጎሌ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ
አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.